የሰልፉ ርዝመት በአደባባይ፣ የቤንዚኑ ክምችት በምስጢር

(ለታክሲ ባለንብረቶች፣ ሾፌሮችና ረዳቶች በተዘጋጀ የውይይት ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ጋዜጣው ስለጠየቀኝ ለአንባቢ እንዲመች ጥቂት አሳጥሬ ሰጥቼዋለሁ።)



ገሚሶቻችሁ ከሥራ፣ ገሚሶቻችሁ ከወረፋ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ ብዙ አላስቀምጣችሁም ብዬ ልጀምር። ሽማግሌ ማይክሮፎን ከጨበጠ በኋላ የሚሆነውን ግን ታውቁታላችሁ።

ዛሬ ስለ ቤንዚን ዋጋ ለመናገር አልመጣሁም። ስለ ዋጋማ እዚህ የተቀመጣችሁት ሁሉ ፕሮፌሰር ናችሁ። በሰኔ 2014 መጨረሻ ሊትሩ 47 ብር ከ83 ሳንቲም መግባቱን፣ በ2017 ገና ሰሞን ደግሞ 101 ብር ከ47 ሳንቲም መድረሱን ከእኔ ይልቅ ኪሳችሁ ያስታውሰዋል። እኔ የምናገረው ስለ ክምችት ነው። ታንከሩ ውስጥ ስንት ሊትር አለ? ለስንት ቀን ይበቃል? ካለፈው ሳምንት ጨምሯል ወይስ ቀንሷል? ከቀነሰስ በምን ምክንያት? ይህን ጥያቄ በዚህ አገር ጮክ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ አላየሁም። ሰልፉ ሲረዝም አንድ ባለሥልጣን በቴሌቪዥን ብቅ ይልና “በቂ ክምችት አለ” ይለናል። እኛም “በቂ ማለት ስንት ነው ጌታዬ?” ብለን ሳንጠይቅ ጀሪካናችንን አንጠልጥለን እንሮጣለን።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ነዳጅ ዴፖ ውስጥ ነው። ጠዋት ጠዋት ታንከሩ አናት ላይ ወጥቶ መለኪያ መክተት፣ ልኬቱን መዝገብ ላይ ማስፈር፣ ቦቴ ሲገባ መቀበል፣ ቦቴ ሲወጣ መሸኘት ነበር ሥራዬ። ሂሳቡ የእድር ሂሳብ ያህል ቀላል ነው። ትናንት የነበረው፣ ሲደመር የገባው፣ ሲቀነስ የወጣው፣ እኩል ይሆናል ዛሬ ያለው። በቃ! ሚኒስትሩም ከዚህ የተለየ ሂሳብ የላቸውም።

ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ታንከሩ ውስጥ ያለው ሁሉ የሚሸጥ አይደለም። ከሥሩ ውኃና አተላ ይተኛል፤ ከፓምፑ መሳቢያ በታች ያለውም ቤንዚን አይወጣም። መዝገብ ላይ ያለው ቁጥርና ለእናንተ የሚደርሰው ቁጥር አንድ አይደሉም ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ሊትር ብቻውን ምንም አይነግርም። ለምሳሌ ያህል 10 ሚሊዮን ሊትር አለ እንበል። በቀን 1 ሚሊዮን የሚወጣ ከሆነ የ10 ቀን ነው። በቀን 2 ሚሊዮን የሚወጣ ከሆነ የ5 ቀን ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ “ስንት ሊትር?” ሳይሆን “የስንት ቀን?” ነው። ባለሥልጣኑ ይህን ያህል ሚሊዮን ሊትር አለን ሲል ቁጥሩ አያስደንግጣችሁ፤ ለቀን አካፍሉት።

ደግሞም ክምችት ቀነሰ ማለት ሁልጊዜ ክፉ ወሬ አይደለም። ገበሬ ነሐሴ ላይ ጎተራው ቢጎድል አይደነግጥም። አዝመራው ከደረሰ ይሞላል። ጥር ላይ ጎድሎ ካገኘው ግን ወይ ሌባ ገብቷል፣ ወይ ማሳው አልሰጠም፣ ወይ እንግዳ በዝቷል። መጉደሉን ብቻ ሳይሆን መቼና ለምን እንደጎደለ ማወቅ ነው ቁም ነገሩ።

ይህን ነገር እንደ ሥራ የያዘች አገር አሜሪካ ናት። መቼም አሜሪካን ለማሞገስ ደሞዝ አይከፈለኝም፤ ግን እውነቱን እንናገር። እ.ኤ.አ. በ1973 የአረብ አገሮች ነዳጅ በከለከሉ ጊዜ አሜሪካኖቹም እንደ እናንተ ማደያ በር ላይ ተሰልፈዋል። ያኔ መንግሥታቸው ነዳጁ የት እንዳለ በቅጡ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም፤ የሚያውቁት ኩባንያዎቹ ነበሩ። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1977 የኢነርጂ መረጃ አስተዳደር የሚባል መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ይህ መሥሪያ ቤት ከማጣሪያዎች፣ ከዴፖዎች፣ ከቧንቧ ኩባንያዎችና ከአስመጪዎች ቁጥር ይሰበስባል። አርብ ጠዋት ታንከሩ ውስጥ የነበረው ተቆጥሮ በሚቀጥለው ረቡዕ ከረፋዱ በ4 ሰዓት ተኩል፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ለዓለም ሁሉ ይፋ ይሆናል። ሚሊየነሩም፣ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ የሚነዳው የእኛው ልጅም እኩል ያዩታል። አዲስ አበባ የቀረው ወንድሙ ግን የሰፈሩ ማደያ ነገ ቤንዚን ይኑረው አይኑረው የሚያውቀው ከማደያው ዘበኛ ፊት ነው።

የነሱ ቁጥር ትልቅ ነው። በቀን ወደ 9 ሚሊዮን በርሜል ቤንዚን ይፈጃሉ። አንድ በርሜል 159 ሊትር ነው፤ ማባዛቱን ለእናንተ ተውኩት። ክምችታቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ200 ሚሊዮን በርሜል በላይ ሆኖ ነው የሚውለው፤ ወደ 25 ቀን ገደማ ይሆናል። እና ይህ ክምችት ሲቀንስ እንዴት እንደሚያነቡት ልንገራችሁ፤ ለእኛም ይጠቅማል።

በየዓመቱ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ የአሜሪካ ቤንዚን ክምችት ብዙውን ጊዜ ይወርዳል። ማንም አይደነግጥም። ምክንያቱም ማጣሪያዎቹ የክረምት ቤንዚናቸውን ሸጠው ጨርሰው የበጋውን ዓይነት ለመሥራት ይዘጋጃሉ። በሙቀት ቶሎ የማይተን ቤንዚን ነው የበጋው። ለጥገናም የሚዘጉ አሉ። ይህ የነሐሴ ጎተራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የነበረው ግን ሌላ ነው። በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ ክምችቱ ከ220 ሚሊዮን በርሜል በታች ወርዶ፣ የቤንዚን ዋጋ በአገር አቀፍ ደረጃ በአማካይ ጋሎኑ ከ5 ዶላር አለፈ። በታሪካቸው የመጀመሪያው ነበር። ሩሲያ ዩክሬንን መውረሯ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላውን ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። በኮሮና ጊዜ ማጣሪያዎች ተዘግተው ነበር፤ ከዚያም ቀደም ብሎ በ2019 የፊላደልፊያው ትልቅ ማጣሪያ እሳት ከተነሳበት በኋላ እስከወዲያኛው ተዘግቷል። ፕሬዚዳንት ባይደን ከመጠባበቂያው 180 ሚሊዮን በርሜል ድፍድፍ እንዲወጣ አዘዙ፤ ይሁን እንጂ ድፍድፍ ቤንዚን አይደለም። እህል ሞልቶ ወፍጮ ቤቱ ከተዘጋ እንጀራ ከየት ይመጣል?

አሁን አንድ ነገር በደንብ አድምጡኝ፤ የንግግሬ እምብርት እዚህ ላይ ነው። አሜሪካኖቹ “ሕዝቡ በዚህ ሳምንት ይህን ያህል ተጠቀመ” ብለው የሚጽፉት ቁጥር በእርግጥ የተቃጠለ ቤንዚን አይደለም። ከትልቁ ታንከር የወጣ ቤንዚን ነው። ከትልቁ ታንከር ወጥቶ ማደያ ጉድጓድ ውስጥ ሊተኛ ይችላል። ሰልባቲዮ ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። ጀሪካን ውስጥ ገብቶ አልጋ ሥር ሊከተት ይችላል። በመዝገቡ ላይ ሁሉም “ወጪ” ነው። እንግዲህ በምሳሌ አንድ መቶ ሺ መኪና በአንድ ቀን “ነገ ይጠፋል” ብሎ ከወትሮው 20 ሊትር አብልጦ ቢቀዳ 2 ሚሊዮን ሊትር ከዴፖ ወጣ ማለት ነው። አንድም ጠብታ አልተቃጠለም! አገር ውስጥ ያለው ቤንዚን አልቀነሰም። ቦታ ለወጠ እንጂ። ክምችቱ ግን በመዝገብ ላይ አሽቆለቆለ፤ ማደያው ደረቀ፤ ሰልፉ ረዘመ፤ ሰልፉን ያየ ሌላው ደግሞ ተሰለፈ።

ይህ የእኛ አመል ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 7 ቀን 2021 ኮሎኒያል የሚባለው የአሜሪካ የነዳጅ ቧንቧ በኮምፒውተር ዘራፊዎች ምክንያት ተዘጋ። ይህ ቧንቧ ከቴክሳስ እስከ ኒውዮርክ አካባቢ የሚዘረጋ፣ የምሥራቁን ጠረፍ ነዳጅ ግማሽ ያህል የሚያደርስ ነው። በዚያን ሳምንት አገሪቱ ውስጥ ከ230 ሚሊዮን በርሜል በላይ ቤንዚን ነበር። ሞልቷል! ግን ሂዩስተን ያለ ቤንዚን ለሰሜን ካሮላይና ምን ይጠቅማታል? እዚያ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ማደያ ደረቀ። ሕዝቡ በፌስታል ቤንዚን እንዳይቀዳ መንግሥት ማስጠንቀቂያ እስከ ማውጣት ደረሰ። እኛን “ያልሠለጠነ ሕዝብ” እያሉ የሚሰድቡንን ያኔ ባገኘኋቸው ብዬ ነበር። ቧንቧው በአምስተኛው ቀን ሥራ ጀመረ፤ ዋሽንግተን ውስጥ ግን ከዚያም በኋላ አብዛኛው ማደያ ደርቆ ነበር። ለምን ቢባል ቤንዚን በቧንቧ ውስጥ የሚጓዘው በእግረኛ ፍጥነት ነው፤ በሰዓት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ሜትር። ስለዚህ ክምችት ስንል የት ያለ ክምችት? ብለን መጠየቅ አለብን።

ወደ ቤታችን እንመለስ።

እናንተ ወጣቶቹ አታስታውሱትም፤ ይህ አገር የራሱን ድፍድፍ አሰብ ላይ ያጣራ ነበር። የአሰብ ማጣሪያ በ1950ዎቹ መጨረሻ በሶቪየቶች እርዳታ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራው ቆመ። በሚቀጥለው ዓመት ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ አሰብ ጭራሹን ተዘጋብን። ከዚያ ወዲህ ያለቀለት ቤንዚንና ናፍጣ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በመርከብ እየመጣ ጅቡቲ ላይ ይራገፋል። ከጅቡቲ ደግሞ በቦቴ በጋላፊ፣ በሚሌ፣ በአዋሽ አድርጎ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ይደርሳል። ቀድሞ ከቤንዚናችን የተወሰነው ከሱዳን በመተማ ይገባ ነበር። ሱዳንም በሚያዝያ 2015 ጦርነት ውስጥ ገባች፤ ከካርቱም በስተሰሜን ያለው ማጣሪያዋም የጦር ሜዳ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2015 ከጅቡቲ እስከ አዋሽ 550 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ይዘረጋል ተብሎ ስምምነት ተፈርሞ ነበር። ወረቀቱ ተፈረመ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ቧንቧው ሳይቀበር ቀረ። ኬንያ ከሞምባሳ ናይሮቢ በቧንቧ ማመላለስ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው።

አንድ ወደብ፣ አንድ መንገድ፣ አንድ ገዥ ድርጅት። አስቡት እስቲ! ለመሆኑ በዚህ ሰንሰለት ላይ ክምችታችንን የሚያወርደው ምንድን ነው?

መጀመሪያ ዶላሩ ነው። መርከቡ የሚጫነው ባንክ ኤልሲ ሲከፍት ነው። ኤልሲው በዘገየ ቁጥር መርከቡም ይዘገያል፤ መርከቡ ሲዘገይ ደግሞ ማደያው አይደርቅም፤ ልብ በሉ፣ ወዲያው አይደርቅም። የሚደርቀው ከሳምንታት በኋላ ነው። ስለዚህ እናንተ ዛሬ የምትሰለፉት ምናልባት ከወር በፊት አንድ ጠረጴዛ ላይ ለተኛ ወረቀት ነው። ባለሥልጣኑ ግን ዛሬ ቀርቦ “ሕገወጥ ነጋዴዎች ናቸው” ይላችኋል። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር ተነስቶ ከ100 በላይ ወጣ። ያው መርከብ፣ ያው ቤንዚን፣ ሁለት እጥፍ ሊጠጋ ምን ቀረው?

ቀጥሎ መንገዱ ነው። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ወደ ሚሌ ሲጠጋ የአዲስ አበባ ቤንዚን በአንድ ከተማ ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበር ስንቶቻችን አስተውለናል? ትግራይ ውስጥ ደግሞ ነዳጅ በመከልከሉ የእርዳታ እህል የጫነ መኪና እንኳ መንቀሳቀስ ያቃተው ጊዜ ነበር። ነዳጅ ሲቋረጥ የሚቆመው ሚኒባስ ብቻ አይደለም። አምቡላንስም፣ የሆስፒታል ጄኔሬተርም ይቆማል።

መንገድ ካነሳሁ አይቀር የቦቴ ሾፌሮችን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ለዓመታት ሲያንገበግበኝ የኖረ ነው። ቤንዚን ሲሞቅ ያብጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይጨማደዳል። በእያንዳንዱ ዲግሪ ከሺው አንድ እጅ ያህል። 45 ሺ ሊትር የጫነ ቦቴ ጅቡቲ ላይ በ40 ዲግሪ ሙቀት ሞልቶ አዲስ አበባ ላይ በ20 ዲግሪ ቢያራግፍ ከ800 ሊትር በላይ “ይጎድላል”። ማንም አልሰረቀውም። ክብደቱ ያው ነው፤ መጠኑ ነው የተጨማደደው። በ2017ቱ የገና ሰሞን ዋጋ ብናሰላው ከ80 ሺ ብር በላይ ነው። በሥርዓት የሚሠራ ሰው ሙቀቱን ለክቶ፣ ሠንጠረዥ አይቶ፣ ሂሳቡን ያስተካክላል። እኔ በሠራሁበት ዘመን ግን፣ የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፣ ቴርሞሜትር ሳይከተት “ጎድሏል፣ ሾፌሩ ይክፈል” ተብሎ ከደሞዙ የተቆረጠበት ሰው አይቻለሁ። ቤቱን የሸጠም አለ። ሌባ የለም አላልኩም፤ ሌባማ ሞልቷል። ግን ሙቀት የወሰደውንና ሰው የወሰደውን ሳይለዩ ሰውን ሌባ ማለት ግፍ ነው። በአገር ደረጃም ያለው ይኸው ነው። የጎደለውን በወጉ ሳይለኩ ጣት መቀሰር።

ሦስተኛው ዋጋው ነው። በዚህ አገር የቤንዚን ዋጋ የሚወጣው ከመንግሥት ነው። ሲወጣም በአንድ ሌሊት ነው። ከመስከረም 2017 መጨረሻ ጀምሮ 91 ብር ከ14 የነበረው ገና ላይ 101 ብር ከ47 ሆነ። አሥር ብር ከ33 ሳንቲም። አንድ ማደያ ጉድጓዱ ውስጥ 30 ሺ ሊትር ይዞ “ቤንዚን አልቋል” የሚል ካርቶን ሰቅሎ ቢያድር፣ ተቆጣጣሪ ካልደረሰበት፣ ጠዋት ከ300 ሺ ብር በላይ አግኝቶ ይነሳል። የማደያው ባለቤት ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ከሊትር የምትደርሰው ትርፍ ሳንቲም ሆና አንድ ሌሊት መተኛት ደግሞ ሦስት መቶ ሺ የምታስገኝ ከሆነ መልአክም ይተኛል። እናንተስ ብትሆኑ? እንዲህ ስል ማደያዎቹን ነፃ ማውጣቴ አይደለም። የዋጋው አሠራር ራሱ “ደብቅ” ብሎ እያስተማረ ቀጂውን ብቻ ማሰር አያዋጣም ማለቴ ነው።

ኮንትሮባንዱም ከዚሁ ነው የሚወለደው። ድጎማ ባለበት ዘመን ጎረቤት አገር በእጥፍ የሚሸጥ ቤንዚን እዚህ በርካሽ ሲገኝ ቦቴው ወደ መሐል አገር ሳይሆን ወደ ጠረፍ አፍንጫውን ያዞራል። መንግሥት ራሱ ደጋግሞ የተናገረው ነው። ለመቆጣጠር ብሎም በ2015 ክፍያው በሞባይል ብቻ እንዲሆን አደረገ፤ እናንተም ኔትወርክ ሲጠፋ ሌላ ሰልፍ ተጨመረላችሁ። በ2017 ደግሞ የነዳጅ ውጤቶች ግብይት ሥርዓት አዋጅ ወጣ። ይሁን፣ ጥሩ ነው። ነገር ግን በየወረዳው ስንት ሊትር እንደሚገባ በየሳምንቱ ለሕዝብ ቢገለጽ፣ ሃያ መኪና የሌለበት ወረዳ በሳምንት አምስት ቦቴ ሲወስድ የሰፈሩ ሰው ራሱ “ኧረ ጎበዝ፣ ይሄ ሁሉ ቤንዚን የት ገባ?” ይል ነበር። ከዚህ የበለጠ ርካሽ ተቆጣጣሪ የለም።

ነዳጅን ቀላል ነገር አድርጎ የሚያይ መንግሥት ታሪክ ቢያነብ አይጎዳም። በ1966 የዓለም ዋጋ ንሮ የጃንሆይ መንግሥት የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር የካቲት 11 ቀን የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች መኪናቸውን አቆሙ። የእናንተ አባቶች ናቸው። መንግሥት ደንግጦ ዋጋውን ቀነሰ፣ ግን የዘገየ ነበር፤ በዚያው ወር የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። ከዚያ ደርግ መጣና ቤንዚን በኩፖን ሆነ። ኩፖን መያዝ ክብር የነበረበትን ጊዜ እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጡት ጋሼዎች ያስታውሱታል፤ ሲስቁ አያቸዋለሁ።

እንግዲህ እኔ የምለው አጭር ነው። የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን በየሳምንቱ፣ ቀን ወስኖ፣ አራት ቁጥር ያውጣ። ጅቡቲ ላይ ያለን ቤንዚን ስንት ነው? መንገድ ላይ ያለው ስንት ነው? አገር ውስጥ ዴፖ ያለው ስንት ነው? በቀን የሚወጣውስ ስንት ነው? ለናፍጣም እንዲሁ። ናፍጣው እንዲያውም ከቤንዚኑ ይበልጣል፤ የጭነት መኪናውም፣ አውቶቡሱም፣ ትራክተሩም በሱ ነው የሚሠራ። መንግሥት በ2016 የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክሏል፤ የኤሌክትሪክ መኪና በበዛ ቁጥር የቤንዚን ፍጆታ ምን ያህል እንደሚቀንስ የሚታወቀውም በዚሁ ቁጥር ነው። አለበለዚያ ክልከላው ይጥቀም ይጉዳ በምን እናውቃለን? በወሬ?

ይህን ሐሳብ ለአንድ ወዳጄ ሳጫውተው “ጋሼ፣ ይህ እኮ የአገር ደኅንነት ጉዳይ ነው። ጠላት ያውቅብናል” አለኝ። ጠላትማ ጅቡቲ ወደብ ላይ የሚራገፈውን መርከብ መቁጠር ያቅተዋል ብላችሁ ነው? መርከብ እኮ ኪስ ውስጥ አይደበቅም። ሠላሳ የሚሆኑ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1974 የተቋቋመው የዓለም አቀፍ ኢነርጂ ኤጀንሲ አባል ናቸው። ነዳጅ ከውጭ የሚያስገቡት አባላት ቢያንስ የ90 ቀን መጠባበቂያ የመያዝ ግዴታ አለባቸው፤ ምን ያህል እንደያዙም በይፋ ይታወቃል። ጠላት የሌላቸው ሆነው ነው?

ሌላው “ቁጥሩ ዝቅ ሲል ሕዝቡ ይደነግጣል” አለኝ። ይህኛው ቁም ነገር አለው፤ እመልስለታለሁ። በ2021 አሜሪካኖቹ ቁጥሩ እየወጣላቸውም ደንግጠዋል፤ የኮሎኒያልን ነገር ነግሬያችኋለሁ። ቁጥር ድንጋጤን ጨርሶ አያጠፋም። ግን የዚያን ጊዜ ድንጋጤ የቆየው ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ነው። ቧንቧው መከፈቱን፣ ቤንዚኑም በምን ፍጥነት እንደሚመጣ ሁሉም ሰው ማወቅ ይችል ነበርና ጀሪካኑን አስቀመጠ። እኛ ግን የምንደነግጠው ዓመቱን ሙሉ ነው። ሾፌሩ ሰልባቲዮው ግማሽ ሳይደርስ የሚሰለፈው ነገ እንደሚኖር የሚነግረው ስለሌለ ነው። “የ12 ቀን አለ፤ ሌላ መርከብ ሐሙስ ይራገፋል” ቢባል ስንቶቻችሁ ናችሁ ዛሬ ሌሊት በ9 ሰዓት ተነስታችሁ የምትሰለፉ? እስቲ እጅ አውጡ። ... አያችሁ? አንድም እጅ የለም።

“የ4 ቀን ብቻ ነው ያለው” ከተባለስ? ያኔም ማወቅ ይሻላል። አውቶቡሱ፣ አምቡላንሱ፣ ዳቦ ቤቱ ቅድሚያ ያግኝ ብሎ በይፋ መደልደል ይቻላል። አሁን የሚደለደለው እንዴት ነው? ቀጂውን የሚያውቅ ይቀዳል፤ የማያውቅ መንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ ከሚሸጠው ልጅ በእጥፍ ይገዛል፣ ያውም ውኃ ተቀላቅሎበት ሞተሩን ይፈጃል።

ቁጥሩን ለማውጣት አዲስ መሥሪያ ቤት፣ አዲስ ሕንፃ፣ አዲስ ላንድክሩዘር አያስፈልግም። ልኬቱ በየዴፖው በየጠዋቱ ይወሰዳል፤ በየመዝገቡ አለ። ሰብስቦ መደመርና ማውጣት ብቻ ነው የቀረው። የባለሥልጣኑን ኃላፊዎች በዚህ አዳራሽ ተገኝተው እንዲመልሱልን ጠይቀናል፤ ወንበራቸው ይኸው ባዶ ነው። ደብዳቤውን ግን ዛሬ ማታ ፈርመን እንልካለን። ሰሚራማ ሰማያዊ ፎልደር ይዞ በሩ አጠገብ ቆሟል የተባለው ልጅ የትኛው ነው? አዎ፣ አንተ። ስትወጡ እሱ ዘንድ ፈርሙ። አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከኋላ ካሉት እንጀምር።